የእሑድ ማታ ትዝታ፦ ስለ «ሃዋርድስ ዌይ»

(ለንደን ውስጥ በአንድ የኢትዮጵያውያን የእሑድ ከሰዓት የውይይት ጊዜ የቀረበ ንግግር ነው። እንደተነገረው ነው የተጻፈው፤ የተነካካው ጥቂት ቦታ ብቻ ነው።)

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ እናንተም ከኋላ የተቀመጣችሁ ልጆቻችን፤ ጤና ይስጥልኝ! እንደምን ዋላችሁ?

ስለጋበዛችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ። በዚህ ብርድ ከቤት ወጥታችሁ ስለመጣችሁም አመሰግናለሁ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ የእንግሊዝ የቴሌቪዥን ድራማ ነው። ስሙ «ሃዋርድስ ዌይ» ይባላል። በባሕር ዳርቻ ስለሚኖሩ፣ ጀልባ ስለሚሠሩና ጀልባ ስለሚቀዝፉ ቤተሰቦች የሚተርክ ነው። በ1980ዎቹ እዚህ አገር የነበራችሁ ሰዎች ሙዚቃው ገና ሲጀምር ታውቁታላችሁ። አይደለም እንዴ? አዎ፣ እዚያ ጋ እጅ ሲወጣ አያለሁ። እግዜር ይስጥልኝ፤ ብቻዬን አይደለሁም።

ለምን ይህን መረጥክ ትሉኝ ይሆናል። ምክንያቴን ልንገራችሁ። እኛ ትዝታ ሲባል ሁልጊዜ የምንዞረው ወደ አገር ቤት ነው። ስንሰበሰብ የምናነሳው የሰፈራችንን፣ የትምህርት ቤታችንን፣ የእናቶቻችንን ጓዳ ነው። ይገባል። ማንም እንዳይነካብን! ግን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። እዚህ አገር ወጣትነታችንን የጨረስን ሰዎች፣ ያ ወጣትነት የት ገባ? የመጀመሪያው የኪራይ ክፍላችን፣ የመጀመሪያው ክረምት፣ እሑድ ማታ ከፈረንጅ ቤተሰብ ጋር አንድ ቴሌቪዥን ፊት የተቀመጥንበት ሰዓት፣ እሱስ ትዝታ አይደለም? እሱስ የእኛ አይደለም?

የእኛ ነው እላለሁ። ዛሬ የመጣሁት ይህን ለማለት ነው።

በመጀመሪያ ድራማውን ላላያችሁ ባጭሩ ልንገራችሁ። ከዚያ ስለ እንጨትና ስለ ፋይበርግላስ አወራለሁ፤ እዚያ ላይ ረዘም እላለሁ፣ ታገሡኝ። ከዚያ ስለ ትዳር። ቀጥሎ ድራማው የተቀረጸበትን ቦታ እነግራችኋለሁ፤ በባቡር ሄዳችሁ ልታዩት የምትችሉት ነው።

«ሃዋርድስ ዌይ» በቢቢሲ 1 እሑድ ማታ ይታይ ነበር። የመጀመሪያው ክፍል የታየው ሴፕቴምበር 1 ቀን 1985 ነው። በእኛ ነሐሴ 26 ቀን 1977 መሆኑ ነው፤ ለእንቁጣጣሽ አሥር ቀን ሲቀረው። የመጨረሻው ክፍል ኖቬምበር 25 ቀን 1990 ታየ። ስድስት ምዕራፍ፣ በያንዳንዱ 13 ክፍል፣ በጠቅላላው 78 ክፍል። የፈጠሩት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ጄራርድ ግሌስተርና አለን ፕራየር። ግሌስተር ቀደም ብሎ ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት የሚተርኩ ታዋቂ ድራማዎችን የሠራ ሰው ነው። ለዚህኛው መጀመሪያ ታስቦ የነበረው ስም «ጀልባ ሠሪዎቹ» የሚል ነበር። ዘጋቢ ፊልም ይመስላል ተብሎ ተቀየረ። እኔ ግን ያ ስም ይሻለኝ ነበር። ድራማው በእውነት የሚናገረው ስለ እነሱ ነውና፤ ስለ ጀልባ ሠሪዎቹ።

ታሪኩ የሚጀምረው ቶም ሃዋርድ ከሚባል ሰው ነው። የአውሮፕላን ዲዛይነር ነው። ሚስቱ ጃን ትባላለች። ሊን እና ሊዮ የሚባሉ ሁለት ልጆች አሏቸው። ደህና ቤት፣ ደህና ደሞዝ፣ ደህና ኑሮ። ከዕለታት አንድ ቀን ግን ከሥራ ይቀነሳል። ዕድሜው ገፋ ብሏል። የስንብት ክፍያውን ተቀብሎ ምን አደረገ? ሌላ መሥሪያ ቤት ደጅ አልጠናም። ገንዘቡን «መርሜይድ» የሚባል፣ ሊዘጋ የተቃረበ የጀልባ መሥሪያ ውስጥ ጨመረው። ሚስቱ ምን ብትል ጥሩ ነው? አበደች! እንዴት አታብድ? የቤቱ ገንዘብ እኮ ነው።

አስቡት እስኪ፣ ጊዜው 1985 ነው። እዚህ አገር ከ3 ሚሊዮን በላይ ሰው ሥራ ፈትቷል። የማዕድን ሠራተኞች አድማ ገና በመጋቢት አካባቢ ማብቃቱ ነው። ሥራ የተቀነሰ ሰው የሌለበት መንገድ አልነበረም። ብዙ ሰው ይህን ድራማ በአሜሪካኖቹ የሀብታሞች ድራማ ስም «የእንግሊዝ ዳላስ» ይለው ነበር፤ ጀልባው፣ ሻምፓኙ፣ ትልልቅ ቤቶቹ እየታዩ። ጋዜጦችም አጣጥለውታል። እኔ ግን ያኔም አሁንም አልስማማም። ዳላስ የሚጀምረው ከነዳጅ ሀብት ነው። ይሄኛው የሚጀምረው ሥራውን ካጣ አባወራ ነው። ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

እኔ በዚያ ጊዜ የት ነበርኩ? ሳውዝሃምፕተን። ለትምህርት መጥቼ አንዲት ባሏ የሞተባት አሮጊት ሴትዮ ቤት ክፍል ተከራይቼ ነበር። የደሴ ልጅ ነኝ። ከመካከላችሁ ያንን ዘመን እዚህ ያሳለፋችሁ ታውቁታላችሁ። «ከየት ነህ?» ሲሉን «ኢትዮጵያ» እንላለን፤ ወዲያው ፊታቸው ይለወጣል። የኮረም ሕዝብ በረሃብ ሲያልቅ በቢቢሲ የታየው በኦክቶበር 1984 ነው። የዌምብሌው ትልቅ የርዳታ ኮንሰርት የተደረገው ጁላይ 13 ቀን 1985 ነው። ድራማው ሲጀምር ገና ሁለት ወር አልሞላውም። እኛ ለእነሱ ያ ምስል ነበርን። ኮረም ደግሞ ለእኔ የራሴ ክፍለ ሀገር ነው፤ ወሎ። ሰው ሲያዝንልኝ የማደርገው ይጠፋኝ ነበር። አመስግኜ ዝም እላለሁ።

አከራዬ ግን ሌላ ሰው ነበሩ። ስለ ረሃቡ አንድ ጊዜ ጠየቁኝ፣ ቤተሰቦቼ ደህና መሆናቸውን ሰሙ፣ ከዚያ በኋላ እንደ ማንኛውም ተከራይ ያዙኝ። እሑድ ማታ ከደረጃው ሥር ቆመው ይጣሩ ነበር። «ና ውረድ የኔ ልጅ፣ ሊጀምር ነው!» እወርዳለሁ። የጋዝ ምድጃው በርቷል። ሻይ በትሪ ቀርቧል። ያኔ ቴሌቪዥኑ አራት ጣቢያ ብቻ ነው ያለው። እሑድ ደግሞ ሱቅ ዝግ ነው፤ እዚህ አገር ሱቅ እሑድ እንዲከፈት የፈቀደው ሕግ የወጣው በ1994 ነው። መሄጃ የለም። ጎረቤቱም፣ የጎረቤቱ ጎረቤትም ያንኑ እያየ ነው። ሰኞ ጠዋት አውቶቡስ ላይ ሰው ስለ ቶምና ስለ ጃን ሲያወራ እኔም ገብቼ አወራለሁ። ይህ ምን ማለት እንደነበር ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም። «ረሃቡ እንዴት ነው?» ሳይሆን «ትናንት አየኸው?» ተብዬ ስጠየቅ እኔም እንደ ሰፈሩ ሰው ሆንኩ።

ሙዚቃውን ሳልጠቅስ ባልፍ ደግሞ አከራዬ ከመቃብር ተነስተው ይቆጡኛል። የደረሱት ሳይመን ሜይና ሌስሊ ኦስቦርን ናቸው። በዚያው ዓመት ለተጀመረው ለሌላው የቢቢሲ ድራማ ለኢስትኤንደርስም ሙዚቃውን የሠሩት እነሱ ናቸው። በ1986 ግጥም ገብቶለት ማርቲ ዌብ ዘፈነችው፤ እሱም እንግሊዝ ውስጥ በደንብ ተሽጧል። ነጫጭ ሸራዎች በሰማያዊ ውሃ ላይ ሲያጋድሉ ያ ሙዚቃ ሲመጣ፣ አከራዬ ስኒያቸውን ያስቀምጡ ነበር።

አሁን ወደ እንጨቱ ልግባ።

የመርሜይድ ባለቤት ጃክ ሮልፍ ይባላል። የተጫወተው ግሊን ኦወን ነው፤ ግሩም ተዋናይ። ጃክ ውስኪ ይወዳል፣ ዕዳ አለበት፣ ሰው አይሰማም። ግን እንጨት ያውቃል። ጀልባ ማለት ለእሱ የእንጨት ጀልባ ነው። ቶም ደግሞ ከአውሮፕላን ሥራ የመጣ ሰው ነው፤ ቀላልና ጠንካራ ነገር ነው የሚፈልገው። አዲስ ቅርጽ፣ አዲስ ማቴሪያል ይላል። መካከላቸው የጃክ ልጅ አቭሪል አለች፤ ብልህ፣ ሒሳብ የምታውቅ። ሦስቱ አንድ ሼድ ውስጥ ቆመው ጀልባ እንዴት መሠራት እንዳለበት ይከራከራሉ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እኔ ለዚያ ክርክር ስል ነበር ሳምንቱን የምጠብቀው። ለፍቅሩ አይደለም። ለሀብታሙ ነጋዴ ለቻርልስ ፍሬር አክሲዮን ሽያጭም አይደለም። ለዚያ ክርክር!

ነገሩን ላላወቃችሁት ላስረዳ። የእንጨት ጀልባ ሲሠራ እያንዳንዱ ጣውላ ለብቻው ይለካል፣ ይጠረባል፣ እንዲለመጥ በእንፋሎት ይለሰልሳል፣ ከአጥንቱ ጋር ይያያዛል። ሁለት ጀልባ በፍጹም አንድ አይሆንም። ፋይበርግላስ ግን በቅርጽ ማውጫ ነው። የመስታወት ጭረት ጨርቅ ቅርጹ ውስጥ ይነጠፋል፣ ሙጫ መሳይ ኬሚካል ይፈስበታል፣ ሲደርቅ ይወጣል። ነገ ሌላ፣ ከነገ ወዲያ ሌላ፤ ሁሉም አንድ ዓይነት። ርካሽ ነው፣ አይበሰብስም፣ ብዙ ጥገና አይጠይቅም። በ1985 ገበያው ከሞላ ጎደል በፋይበርግላስ እጅ ገብቶ ነበር። ስለዚህ ጃክ ሮልፍ የሚከራከረው በውጊያው ከተሸነፈ በኋላ ነው። ያውቀዋልም። እያወቀ ይከራከራል።

እዚህ ላይ ስለ አባቴ ላውራችሁ።

አባቴ ደሴ ውስጥ አናጺ ነበር። በር፣ መስኮት፣ ሳጥን፣ ወንበር ይሠራል፤ በዋንዛ። ሱቁ ውስጥ ስትገቡ ሰጋቱራው ቁርጭምጭሚት ድረስ ነው። እኔ ከትምህርት ቤት መልስ መላጊያውን እየያዝኩ ነው ያደግኩት። አባቴ የማይወደው ነገር መቸኮል ነው። «ዋንዛ ሳይደርቅ ከነካኸው ነገ ይጣመምና ሰው ፊት ያዋርድሃል» ይላል። ጣውላውን ከጣራው ሥር ደርድሮ፣ በየመሐሉ ቀጫጭን እንጨት ሸጉጦ ነፋስ እንዲገባው አድርጎ ያቆየዋል። ደንበኛ ቢለምነው፣ ቢቆጣው፣ እጥፍ ልክፈልህ ቢለው አይነካውም።

ታናሽ ወንድሙ፣ አጎቴ ማለት ነው፣ አብሮት ይሠራ ነበር። አጎቴ ዘመኑ የብረት ነው አለ። የብረት በር፣ የብረት አልጋ፣ ጠረጴዛውን በፎርማይካ። የብየዳ ማሽን እናምጣ አለ። አባቴ እምቢ አለ። ተጣሉ። ሽማግሌ ገባ። ሽማግሌዎቹ ምን ፈረዱ መሰላችሁ? ሱቁን በቆርቆሮ ለሁለት ክፈሉት አሉ። ተከፈለ! በዚህ በኩል ሰጋቱራ፣ በዚያ በኩል የብየዳ ብልጭታ። አጎቴ ብዙ ይሸጣል። አባቴ ትንሽ ይሸጣል። ምሳ ግን ከአንድ ትሪ ነው የሚበሉት፤ እናቴ ለሁለቱም ነበር የምትልከው። አጎቴ የብረት በር ሲሠራ መቃኑን ለማስተካከል አባቴን ይጠራዋል። አባቴም ሳያጉረመርም ይሄዳል።

እኔ ልጅ ሆኜ የአጎቴ ወገን ነበርኩ። ብየዳው ያስደስተኛል፤ ገንዘቡም አለ። ሳውዝሃምፕተን መጥቼ ጃክ ሮልፍና ቶም ሃዋርድ ሲከራከሩ ሳይ ነው አባቴ ምን እንደሚጠብቅ የገባኝ። ቶም ትክክል ነው፤ ያለ እሱ መርሜይድ ተዘግቷል። ጃክም ትክክል ነው፤ ያለ እሱ መርሜይድ ውስጥ ጀልባ መሥራት የሚያውቅ ሰው የለም። ድራማው ለአንዱ አይፈርድም። ሁለቱም ተሰምተው፣ ሁለቱም ተናደው፣ በነጋታው ሁለቱም ሥራ ይገባሉ። እስኪ ልጠይቃችሁ፤ ዛሬ በቴሌቪዥን እጅ ሲሠራ የምታዩበት ድራማ የትኛው ነው? ሁለት ሰው ስለ ሥራው ጥራት ሲጣላ የምታዩበት? ገዳይ ሲፈለግ እናያለን። ሀብታም ሲካካድ እናያለን። ሰው መላጊያ ይዞ ቆሞ የሚታይበት ድራማ ግን ካየሁ ቆየሁ። የሚናፍቀኝ ያ ነው።

ቶም በመጨረሻ የሕልሙን ጀልባ ይሠራል፤ «ባራኩዳ» ትባላለች። ደስ የሚለው ነገር ጀልባዋ የካርቶን ማስመሰያ አልነበረችም። ዲዛይኑን የሠራው ቶኒ ካስትሮ የሚባል እውነተኛ የጀልባ ዲዛይነር ነው። ሳድለር የሚባል ኩባንያም በዚያው ዲዛይን ጀልባ እየሠራ ሸጧል። ማለትም ቴሌቪዥን ላይ የተወለደች ጀልባ ባሕር ላይ ወጣች።

የቶም የአውሮፕላን ሙያም እንዲያው የተመረጠ አይደለም። ያ የባሕር ዳርቻ የጀልባም የአውሮፕላንም አገር ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዝነኛ የሆነው ስፒትፋየር የሚባለው ተዋጊ አውሮፕላን የሚሠራው ሳውዝሃምፕተን፣ ዉልስተን በሚባለው ሰፈር ነበር። ጀርመኖች በሴፕቴምበር 1940 ፋብሪካውን በቦምብ አወደሙት። አከራዬ ወጣት ሆነው በዚያ ሰፈር አካባቢ ነበር የሚኖሩት። ቶም ሃዋርድ በቴሌቪዥን ከሥራ ሲቀነስ «እነዚህ ሰዎች አውሮፕላን የሚሠራ ሰው ያባርራሉ?» ብለው ስኒያቸውን ጠረጴዛው ላይ ደቅ ሲያደርጉት አስታውሳለሁ። ለእሳቸው ድራማ አልነበረም።

ወደ ትዳሩ ልለፍ።

ቶም ጀልባውን ሲያገኝ ሚስቱን ያጣል። ጃን ሃዋርድ፣ ጃን ሃርቪ የምትባል ተዋናይት የተጫወተቻት፣ ሃያ ዓመት ቤት ስትይዝ የኖረች ሴት ናት። ባሏ ሳያማክራት ገንዘቡን ሲያፈስ እሷም ሥራ ትጀምራለች። ኬን ማስተርስ የሚባል ብልጥ ነጋዴ ጋር ትቀጠራለች። ኬን ማስተርስ ማለት እንኳ፣ ያው ታውቁታላችሁ፣ ሲስቅ ኪሳችሁን የምትጠብቁለት ዓይነት ሰው ነው። ከእሱ ጋር ትወድቃለች። ቶምም ወደ አቭሪል ያዘነብላል። ትዳሩ ይፈርሳል። ጃን ግን አትፈርስም። በፋሽን ሥራ የራሷን ስም ታቆማለች።

በዚህ ጉዳይ ከአከራዬ ጋር በጣም ተከራክረናል። እሳቸው ጃንን አይወዷትም ነበር። «ባሏ ሲቸገር ጥላው ሄደች» ይሉኛል። እኔ ደግሞ «እርስዎ ሳይጠየቁ የቤትዎ ገንዘብ ቢወጣስ?» እላቸዋለሁ። ዝም ይላሉ፤ በሚቀጥለው እሑድ እንደገና ይጀምራሉ። የሚወዱት የጃንን እናት፣ ኬት ሃርቪን ነበር። ዳልሲ ግሬይ ነች የተጫወተችው፤ በዚያን ጊዜ ሰባ ዓመት ሞልቷት ነበር። ፈረስ ላይ የምትወራረድ፣ ማንንም የማትፈራ አሮጊት። አከራዬ እሷ ስትታይ ወንበራቸውን ያስጠጋሉ።

አከራዬ ከዚህ በፊት የሚወዱት ሌላ የመርከብ ድራማ ነበር፤ «ዘ ኦኔዲን ላይን»። ከ1971 እስከ 1980 በቢቢሲ የታየ፣ በ1860 ከሊቨርፑል ስለሚነሳ የመርከብ ባለቤት ቤተሰብ የሚተርክ። የመግቢያ ሙዚቃው የአርመኑ የሐቻቱሪያን ነው። ጄምስ ኦኔዲን የሚባለው ካፒቴን «ሻርሎት ሮድስ» የምትባለውን መርከብ ለማግኘት ሲል የመርከቧን ባለቤት ልጅ አንን ያገባል። ጋብቻው ንግድ ነበር፣ ፍቅሩ ቀስ ብሎ መጣ። ሁለቱን ድራማዎች ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው ይገርመኛል። በኦኔዲን ሰውየው መርከብ ብሎ ሚስት አገኘ። በሃዋርድ ሰውየው ጀልባ ብሎ ሚስት አጣ። መካከላቸው ያለው የአንድ መቶ ዓመት የሴቶች ታሪክ ነው። አን ኦኔዲን ለዋጋ ቀረበች። ጃን ሃዋርድ ዋጋዋን ራሷ ተመነች። እህቶቼ፣ እናንተ ከእኔ በተሻለ ትፈርዱታላችሁ።

በኋለኞቹ ምዕራፎች፣ ይህንም ሳልሸሽግ ልንገራችሁ፣ የአክሲዮኑ፣ የሽያጩ፣ የተንኮሉ ነገር በዛ። መላጊያው ቀረ፣ ቦርሳው መጣ። እኔ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ምዕራፎች ነው የምወደው። ቶምን የተጫወተው ሞሪስ ኮልበርን ደግሞ ኦገስት 4 ቀን 1989 ፈረንሳይ ውስጥ በድንገተኛ የልብ ሕመም ሞተ። 49 ዓመቱ ነበር። በመጨረሻው ምዕራፍ ቶምም በታሪኩ ውስጥ የለም። ቤተሰቡ ያለ እሱ ነው የሚቀጥለው። አከራዬ ያን ጊዜ ጥቁር አልለበሱም እንጂ ሐዘን ላይ ነበሩ። ዛሬ ዳልሲ ግሬይም የለችም፣ ግሊን ኦወንም የለም፣ ቻርልስ ፍሬርን የተጫወተው ቶኒ አንሆልትም የለም። ነፍስ ይማር።

ቦታውን ልንገራችሁና ልጨርስ።

በድራማው ከተማዋ «ታራንት» ትባላለች። ካርታ ላይ አትገኝም፤ ፈጠራ ናት። የተቀረጸው በአብዛኛው በሃምብል ወንዝ ላይ፣ በርስልደን በምትባል መንደር ነው። ከሳውዝሃምፕተን ወደ ፖርትስመዝ በሚሄደው ባቡር ሄዳችሁ በርስልደን ላይ ትወርዳላችሁ። ጣቢያው ወንዙ አጠገብ ነው። በእግር ትንሽ ሄዳችሁ በጠባብ ደረጃ ወደ ውሃው ስትወርዱ «ጆሊ ሴይለር» የሚባለውን መጠጥ ቤት ታገኛላችሁ፤ ጃክ ሮልፍ የሚጠጣበት። ከጎኑ ያለው የጀልባ መሥሪያ መርሜይድ ሆኖ የታየው ነው። እውነተኛ ስሙ ኤሌፋንት ነው።

ለምን ኤሌፋንት? በዚያ ዳርቻ በ1786 «ኤሌፋንት» የምትባል የጦር መርከብ ተሠርታ ነበር። የእንግሊዙ የባሕር ኃይል አዛዥ ኔልሰን በ1801 በኮፐንሃገን ሲዋጋ የተሳፈረባት መርከብ ናት። ከዚያም ቀደም ብሎ ወንዙ ውስጥ የንጉሥ ሄንሪ አምስተኛ ትልቅ መርከብ «ግሬስ ዲዩ» ቆማ ነበር። በ1418 የተሠራች ናት። በ1439 መብረቅ መቷት ተቃጠለች። የእንጨቷ ቅሪት ዛሬም እዚያው ጭቃ ውስጥ ነው። ስድስት መቶ ዓመት! ጃክ ሮልፍ በእንጨት ግትር ቢል ይፈረድበታል?

እኔ የምሄደው ውሃው ሲሸሽ ነው። ባሕሩ ሲመለስ ወንዙ ይጎድልና ጭቃው ይወጣል። ሽታው ጨውና ቅጠል የበሰበሰበት ነገር ነው። የጀልባዎቹ ገመድ ከምሰሶው ጋር እየተጋጨ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። ግቢው ውስጥ የእንጨት ጀልባ ተደግፎ ቆሞ ሲጠገን ታያላችሁ። ሰውየው መሮ ይዞ የበሰበሰውን ጣውላ ያወጣል፣ በልኩ አዲስ ይተካል። ሳየው አባቴ ይኮራ ነበር እላለሁ። እኔም ዕድሜዬን የፈጀሁት በዚሁ ሙያ ነው። የተማርኩት ሌላ ነበር፤ የኖርኩት ግን በእንጨት ሥራ ነው። አንድ ጊዜ ከሠራተኞቹ አንዱን ምን እንጨት እንደሆነ ጠየቅሁት። ነገረኝ፤ እኔም ስለ ዋንዛ ነገርኩት። ከቁመቱ እስከ አደራረቁ ጠየቀኝ። ስለ አገሬ እንዲህ ተጠይቄ አላውቅም ነበር።

ከመካከላችሁ ምጽዋ ወይም አሰብ ያገለገላችሁ፣ በባሕር ኃይል ወይም በንግድ መርከብ የሠራችሁ አባቶች አላችሁ። አውቃለሁ፣ አንዳንዶቻችሁን ከዚህ ሆኜ አያችኋለሁ። እባካችሁ ከሻይ በኋላ ስለ መርከቦቻችሁ ንገሩን። እኔ ከተራራ ነው የመጣሁት፤ ባሕርን ያወቅሁት በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ነው። እናንተ ግን ቀዝፋችሁታል።

ልጆቼ፣ እናንተም ወላጆቻችሁን «እዚህ ስትመጡ ምን ታዩ ነበር? ከማን ጋር?» ብላችሁ ጠይቋቸው። ስለ ሰፈራቸውና ስለ ዘመዶቻቸው ነግረዋችሁ ይሆናል። ይሄኛውን ግን ማንም ስላልጠየቃቸው አልነገሯችሁም። ድራማው በዲቪዲ ወጥቷል፤ ከመጀመሪያው ምዕራፍ ጀምሩ።

የመጨረሻው ክፍል የታየው፣ ቀደም ብዬ እንዳልኩት፣ ኖቬምበር 25 ቀን 1990፣ ኅዳር 16 ቀን 1983 ነው። ማርጋሬት ታቸር ሥልጣን እለቃለሁ ያለችው ከዚያ ሦስት ቀን ቀድሞ ሐሙስ ነው። የወጣችው በሳምንቱ ረቡዕ። በዚያ ሳምንት እንግሊዝ አንድ ዘመን ዘጋች። በእኛም አገር ያ ዓመት ምን ይዞ እንደመጣ ታውቃላችሁ፤ ግንቦት 1983 ሩቅ አልነበረም። እኔ ያኔ ከአከራዬ ቤት ወጥቼ ነበር፤ ለዚያች እሑድ ግን ና ብለው ጠሩኝ። ሄድኩ፤ አብረን አየን። ሲያልቅ አከራዬ ቴሌቪዥኑን አጠፉና «አሁንም እላለሁ፣ ጃን ተሳስታለች» አሉኝ። እስከ እኩለ ሌሊት ተከራከርን።

እስኪ አሁን ተራው የእናንተ ነው። እጅ ያወጣችሁት እህት፣ ከእርስዎ እንጀምር፤ እርስዎ የማን ወገን ነበሩ? የጃን ወይስ የቶም?

አመሰግናለሁ። እግዚአብሔር ያክብርልኝ።